ከተሞክሮዬ፦ ድረ ገጽ የሚጀመረው ከሱቁ ስልክ ነው

ከደጀን ተነስቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ ላይ ላሉ ነጋዴዎች ድረ ገጽ መሥራት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ደንበኞቼ ጤፍ ነጋዴዎች፣ የአልጋ ቤት ባለቤቶች፣ ማርና ቅቤ የሚያቀርቡ ሴቶች፣ ሸማኔዎችና የግንባታ ዕቃ ሻጮች ናቸው። አብዛኞቹ ሲመጡ የአንድ ትልቅ ድርጅት ድረ ገጽ በስልካቸው ከፍተው ያሳዩኝና «እንደዚህ ያለ ሥራልኝ» ይሉኛል። የሚንቀሳቀሱ ፎቶዎች አሉበት፤ «ራእያችን»፣ «ተልእኳችን»፣ «እሴቶቻችን» የሚሉ ገጾች አሉበት፤ ቢሮ ውስጥ የሚጨባበጡ የውጭ አገር ሰዎችም አይጠፉም።

የትንሽ ንግድ ድረ ገጽ ዕቅድ እዚያ ውስጥ አይገኝም። ዕቅዱ ያለው ደንበኛ ደውሎ በሚጠይቀው ጥያቄ ውስጥ ነው። ያንን ጥያቄ ሰምቶ በቅደም ተከተል የመለሰ ድረ ገጽ፣ ቀለሙ ባያምር እንኳ ይሸጣል። ሳይሰማ የተሠራው ግን የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ ባለቤቱ በዓመት አንዴ የሚከፍልበት ዕዳ ሆኖ ይቀራል። ከዚህ በታች የማነሳቸው ነገሮች ሁሉ ከዚህ እምነት የመነጩ ናቸው።

ስልኩ ሲጠራ አጠገቡ ተቀመጡ

ድረ ገጽ የፈለገ ነጋዴ ዘንድ መጀመሪያ የምሄደው ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ ነው። ላፕቶፕ በዚያን ቀን አያስፈልግም። አዲሱ ጤፍ ተወቅቶ ገበያ በገባበት ወቅት፣ በተለይ ከጥር እስከ ፋሲካ ባለው ጊዜ፣ ቢቸና መጋዘን ውስጥ አንድ ረፋድ መቀመጥ ብዙ ያስተምራል።

አንድ በዕድሜ ጠና ያሉ ጤፍ ነጋዴ ዘንድ ያየሁትን ላንሳ። ሚዛኑ አጠገብ ቆመዋል። ስልኩን በትከሻቸውና በጆሯቸው መሀል አጣብቀው፣ በእጃቸው የጆንያ አፍ እየሰፉ ያወራሉ። «አቤት! አዎ፣ ማኛ አለ። የዘንድሮ ነው፤ የአምናውማ አልቋል። ተበጥሯል፣ አፈር የለውም። ዋጋው እዚሁ መጋዘን ላይ ነው፤ የመኪናውና የጫኝ አውራጁ ለብቻ ይታሰባል። ኧረ አምስት ኩንታልም ቢሆን ከሌላ ሰው ጋር አዳብለን እንልካለን።» ስልኩ ይዘጋል፤ ጥቂት ቆይቶ ሌላ ሰው ይደውላል። ጥያቄዎቹ እነዚያው ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸው እንኳ እምብዛም አይለወጥም። መጀመሪያ ዓይነቱ፣ ቀጥሎ የዘንድሮ መሆኑ፣ ከዚያ ጥራቱ፣ ከዚያ ዋጋው፣ በመጨረሻ ማጓጓዣውና አከፋፈሉ።

ስልኩ ፋታ ሲሰጣቸው ጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ ስለ ድርጅትዎ አመሠራረት የጠየቀዎት ሰው አለ?»

«ኧረ የለም ልጄ። ‹መጋዘንዎ የት ጋ ነው? ማን ያውቅዎታል?› ነው የሚሉኝ። ብራቸውን የሚልኩት ለማያዩት ሰው አይደል እንዴ!»

የእሳቸው ድረ ገጽ ከዚያ ወጣ። የደዋዮቹ ጥያቄዎች በመጡበት ቅደም ተከተል ርዕስ ሆኑ። በሥራቸው የገባው መልስም አዛውንቱ በስልክ የሚናገሩት አጭር ቃል ነው፤ እኔ የጨመርኩበት ጌጥ የለም። «ማን ያውቅዎታል?» ለሚለው ደግሞ የመጋዘኑ ፊት ለፊት ፎቶ ከነምልክቱ፣ በንግድ ፈቃዱ ላይ ያለው ስም፣ ቦታው በጎግል ማፕ ላይ፣ እንዲሁም ከአውቶቡስ መናኸሪያው እንዴት እንደሚደረስ ገባ። «ራእያችን» የሚል ገጽ የለውም፤ የጠየቀም የለም።

ቅርብ ላለው ሰው አይደለም የሚሠራው

የቢቸና ሰው የቢቸናን ነጋዴ ያውቀዋል። ሞጣ ያለ ደንበኛ ሱቁ ክፍት መሆኑን ለማወቅ ብቅ ብሎ ያያል፤ ካልሆነም ልጅ ይልካል። ድረ ገጹን የሚከፍተው ብቅ ማለት የማይችለው ነው፦ አዲስ አበባ እንጀራ ጋግራ ለሆቴል የምታቀርብ ሴት፣ ባሕር ዳር ያለ ጅምላ ገዢ፣ ወይም ሲያትል ሆኖ ሞጣ ላሉት እናቱ የዓመት ቀለብ መግዛት የሚፈልግ ልጅ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለማን እንደምንጽፍ መወሰን አለብን። «ለሁሉም» ያለ ሰው ለማንም አልጻፈም።

ይህን ነገር ቀድሞ የተረዳ ኢትዮጵያዊ ሥራ አለ። ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ብዙም ሳይቆይ፣ አብዛኛው ሰው ገና ኢሜይል እንኳ ባልነበረው ጊዜ፣ ኢትዮጊፍት የሚባል ድረ ገጽ ውጭ አገር ያለ ሰው አገር ቤት ላለ ዘመዱ የበዓል በግ የሚያዝበት ሆኖ ብቅ አለ። አስቡት፤ የሚከፍለው ሰው በጉን አያየውም፣ በጉን የሚቀበለው ሰው ደግሞ ድረ ገጹን አያየውም። ድረ ገጹ ሁለቱን የሚያገናኝ ታማኝ ሰው መሆን ነበረበት።

ጤፍም እንደዚያው ነው። ከፋዩና ተቀባዩ ሲለያዩ ገጹ የሚመልሳቸው ጥያቄዎች ይጨምራሉ። ተቀባይዋ እናት ስልክ ባያነሱስ ለማን ይሰጣል? ጆንያው እስከ ቤት ድረስ ይገባል ወይስ ዋናው መንገድ ላይ ይራገፋል? ሲደርስ ላኪው በምን ያውቃል? ለአንድ ደንበኛዬ ያወጣነው መፍትሔ ቀላል ነው። ዕቃው ሲደርስ ተቀባይዋ ከጆንያው አጠገብ ፎቶ ይነሳሉ፤ ፎቶው በቴሌግራም ለልጁ ይላካል። ይህ እንደሚደረግ ገጹ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍነው። ውጭ አገር ላለ ሰው ከዚያ ዓረፍተ ነገር የሚበልጥ ማስታወቂያ አላውቅም።

ገጹ የማታደርጉትንም ይናገር። የጤፍ እህል ወደ ውጭ መላክ እ.ኤ.አ. በ2006 ተከልክሎ ከዚያ ወዲህም በጥብቅ የተገደበ ነው። ይህን የማያውቅ ወገን ከአሜሪካ «አንድ ኩንታል ላኩልኝ» ብሎ ይጽፋል። «ጤፍ የምናደርሰው አገር ውስጥ ብቻ ነው» የሚል መስመር ከላይ ቢኖር የእሱም የእናንተም ጊዜ አይባክንም።

የሞጣው አልጋ ቤት ጥያቄዎች ሌላ ናቸው

አንድ ሥራ ላይ የሠራ አቀማመጥ ለሌላው አይገለበጥም። ሞጣ ውስጥ አልጋ የሚያከራዩ ባልና ሚስት ዘንድ ስቀመጥ የሰማሁት ከጤፉ መጋዘን ጋር አይገናኝም። «መኪና የማሳድርበት ግቢ አለ?»፣ «ውሃ አለ? ሙቅ ነው?»፣ «መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር አላችሁ?»፣ «ከመናኸሪያው በእግር ይደረሳል?»፣ «የባሕር ዳሩ መኪና በስንት ሰዓት ይወጣል?»፣ «በጾም ቀን የጾም ምግብ አለ?»። እነዚህን በግልጽ የመለሰ አልጋ ቤት የአልጋውን አንሶላ በሰፊው ፎቶ ማሳየት አያስፈልገውም፤ አንድ የክፍልና አንድ የመታጠቢያ ቤት ፎቶ ይበቃል።

እንግዳው ለምን ሞጣ እንደመጣም ማወቅ ያሻል። ሚያዝያ 23 ለሞጣ ጊዮርጊስ የሚመጣው ምእመን የሚፈልገው ሌላ ነው፤ ወደ ሰባራ ድልድይ የሚወርደው ተጓዥ የሚፈልገው ሌላ። ዲማ ጊዮርጊስን ለማየት የሚመጣ ደግሞ አለ፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሰው የዲማን ስም በልቡ ይዞ ነው ወደ ምሥራቅ ጎጃም የሚመጣው። እንግዲህ ለእያንዳንዱ አንዳንድ አጭር አንቀጽ ጻፍን። መንገዱ በየትኛው ወቅት ይከፋል፣ መኪና እስከ የት ይደርሳል፣ ስንቅ መያዝ ያስፈልጋል ወይ የሚለውን ባለቤቶቹ ከእኔ አብልጠው ያውቁታል፤ እነሱ ተናገሩ፣ እኔ ጻፍኩ። እንግዳ ሲፈልግ ገጹን የሚያገኘውም በእነዚህ አንቀጾች ነው። ጎግል ላይ የአልጋ ቤቱን ስም የሚጽፍ የለም፤ «ሰባራ ድልድይ እንዴት ይሄዳል» ብሎ የሚጽፍ ግን አለ።

አንድ እውነተኛ ፎቶ ይበቃል

ሰባራ ድልድይን ካነሳሁ፣ ስለ ፎቶ ኃይል የማውቀው ትልቁ ታሪክ የእሱ ነው። ድልድዩ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን፣ ዐባይ ላይ የተሠራ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሀሉ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ከጎጃም ወደ ማዶ የሚሻገር ሰው በገመድ ታስሮ፣ በወዲያና በወዲህ በቆሙ ሰዎች እየተጎተተ ክፍተቱን ያልፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ሰው ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ይህንኑ አሻጋገር የሚያሳይ ፎቶ አየ። ፎቶው ዕረፍት ነሳው። ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ የተባለውን ድርጅት መሠረተ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ድልድዩ ተጠገነ። ጥገናውን በኋላ ጎርፍ ሲወስደው ደግሞ ለእግረኛ የሚሆን ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ድርጅቱ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች ድልድይ ሠርቷል። ያን ሁሉ ያስነሳው ሰዎች በዕለት ኑሯቸው ላይ ሳሉ የተነሳ አንድ ፎቶ ነው።

ስለዚህ ከኢንተርኔት የተቀዳ የስንዴ ማሳ ፎቶ ለቢቸና ጤፍ ነጋዴ አልለጥፍም። ጤፉን ራሱን እናነሳለን። አነሳሱ እንዲህ ነው። ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትከር፣ የመጋዘኑ በር ላይ በጥላው በኩል ነጭ ወረቀት ይነጠፋል። ማኛው፣ ነጩ፣ ሰርገኛውና ቀዩ እፍኝ እፍኝ ሆነው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ፍላሽ ይጠፋል። ነጩ ወረቀት የግድ ነው፤ የስልክ ካሜራ ብርሃኑን በራሱ እየጨመረ ሰርገኛውን ነጭ ስለሚያስመስለው፣ ተመልካቹ ከወረቀቱ ንጣት ጋር አስተያይቶ እውነተኛውን መልክ እንዲያይ ይረዳዋል። ሁለተኛው ፎቶ የነጋዴው መዳፍ ላይ የተዘረጋ ጤፍ ነው፤ ቀረብ ብሎ የተነሳ፣ ፍሬው አንድ በአንድ የሚታይ። ገዢ ገበያ ላይ የሚያደርገው ያንኑ ነው፦ ዘግኖ፣ በመዳፉ ዘርግቶ፣ እፍ ብሎ ያያል። ገጹ ያንን ለማድረግ ለማይችለው ሰው ያንን ያድርግለት።

ስያሜውም ከፎቶው ጋር ይስማማ። ገበያ ላይ «ማኛ» የሚባለው በጣም ነጭ ጤፍ ሁሉ ነው። ዘር የሚያውቅ ገዢ ግን «ቁንጮ ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ ቁንጮ እ.ኤ.አ. በ2006 ከደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል የወጣና በአገሪቱ በሰፊው የሚዘራ ዝርያ ነውና። ነጋዴው ካወቀ ይጻፍ፤ ካላወቀ «ማኛ» ብሎ ብቻ ይለፍ።

ታሪክ የሚሸጥበት ሥራም አለ

ለጤፍ ነጋዴ «ስለ እኛ» የሚለው ገጽ አጭር ይሁን ስል ለሁሉም ማለቴ አይደለም። ሸማኔ፣ ልብስ ሰፊ፣ ሸክላ ሠሪ ዘንድ ዕቃው የተሠራበት መንገድ ራሱ የዋጋው አካል ነው። ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር የጀመረችው ሶል ሬብልስ ጫማውን በኢንተርኔት ለዓለም ሲያቀርብ፣ ሶሉ ካረጀ የመኪና ጎማ መቆረጡን፣ ጨርቁ በእጅ መፈተሉንና መሸመኑን አብሮ ይናገር ነበር። ገዢው ከጫማው ጋር ያንን ነበር የሚገዛው። የሞጣ ጥበበኛ ድረ ገጽም ከሽመናው ጉድጓድ ይጀምር፤ ማን ፈተለው፣ ማን ሸመነው፣ አንድ ነጠላ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል የሚለውን ይንገር።

ዋጋ ያለ ቀን አይጻፍ

ብዙ ነጋዴ ዋጋ መጻፍ ይፈራል። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ የእህል ዋጋ ከሳምንት ሳምንት ይለዋወጣል፣ ተፎካካሪም ያያል። ዋጋ የሌለው ገጽ ግን ደንበኛን ያሸሻል፤ «ይደውሉልን» የሚል ቃል ያየ ሰው ውድ ነው ብሎ ያልፈዋል። እኔ የማስገባው ዋጋውን ከነቀኑ ነው፦ የጤፉ ዓይነት፣ በኩንታል ስንት፣ ዋጋው የተጻፈበት ቀን፣ እስከ መቼ እንደሚጸና። ከሥሩ ምን እንደሚጨምርና ምን እንደማይጨምር ይዘረዘራል፤ ጆንያው፣ ማበጠሪያው፣ ጫኝ አውራጁ፣ የመኪናው ኪራይ። አዲስ አበባ ካለ ገዢ ጋር የሚነሳ ጭቅጭቅ አብዛኛው የሚመጣው ከዋናው ዋጋ ሳይሆን ከነዚህ ጥቃቅኖች ነው።

የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ከወጣ ወዲህ በኤሌክትሮኒክ መንገድ የተደረገ ስምምነት በሕግ ፊት ዕውቅና አለው። እንግዲህ ገጹ ላይም ሆነ በቴሌግራም የጻፋችሁትን ቃል እንደ ፊርማችሁ ቁጠሩት።

ክፍያን በተመለከተ፣ ትንሽ ሱቅ ድረ ገጹ ላይ የመክፈያ ሥርዓት ለማስገባት አይቸኩል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ከተጀመረ ወዲህ በስልክ መክፈል የለመደ ሰው በዝቷል፤ የባንክ ዝውውርም አለ። ደንበኛው ይደውል፣ ይነጋገር፣ ይክፈል። ነገር ግን የተቀባዩ ስም በንግድ ፈቃዱ ካለው ስም ጋር አንድ ይሁን፤ «ከዚህ ስም ውጪ ላለ ሒሳብ አትክፈሉ» የሚል ማስጠንቀቂያም በጉልህ ይጻፍ። በነጋዴ ስም አስመስለው የሐሰት ገጽ የሚከፍቱ ሰዎች አሉና።

በርካሽ ስልክ ሞክሩት

ገጹን የሠራው ልጅ ጥሩ ስልክና ፈጣን ኢንተርኔት ይኖረዋል፤ የሚያነበው ሰው ግን ላይኖረው ይችላል። ዛሬ በስልክ የሚነሳ አንድ ፎቶ ሦስትና አራት ሜጋባይት ይመዝናል። ዓሥር ፎቶ ያለበት ገጽ የአንድን ሰው የቀን ጥቅል ይበላል ማለት ነው። ፎቶዎቹ ከሁለት መቶ ኪሎባይት በታች ይጠበቡ፤ ጽሑፉ መጀመሪያ ይምጣ፣ ፎቶው ይከተል። ቪዲዮ ካስፈለገ ቲክቶክ ወይም ዩቲዩብ ላይ ተጭኖ ሊንኩ ይቀመጥ።

ስልኩ እንደተከፈተ፣ ጣት ገጹን ሳይገፋ፣ አራት ነገር ይታይ፦ ስም፣ የሚሸጠው ነገር፣ ከተማው፣ ስልክ ቁጥሩ። ቁጥሩ በጽሑፍ ይሁን፤ ሲነኩት የሚደውል። ሎጎ ውስጥ የተሳለ ቁጥር ደንበኛው በወረቀት ገልብጦ ካልሆነ አይደውልበትም።

ሲያልቅ ሥራውን ለማያውቅ ሰው ስልኩን ስጡት። «ሁለት ኩንታል ሰርገኛ አዲስ አበባ ድረስ ስንት እንደሚያወጣ ፈልግ» በሉትና ዝም በሉ። አትርዱት። የቆመበት ቦታ ላይ ገጹ ችግር አለበት።

ፊደሉ፣ አጻጻፉ፣ ሰዓቱ

የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ይሁንና በየጽሕፈት ቤቱ በድሮው አሠራር የተተየቡ ሰነዶች አሁንም አሉ፤ ከእነሱ ተቀድቶ ገጽ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። እንዲህ ያለ ሰነድ ከመጣ እንደገና መተየብ ነው፤ አቋራጭ አትፈልጉ።

የዋጋ ዝርዝርን በፎቶ መለጠፍም ልማድ ሆኗል። ፎቶ ውስጥ ያለን ጽሑፍ ፈላጊ ሰው በቀላሉ አያገኘውም፣ ማየት ለማይችል ሰው የሚያነብለት ስልክም ይቸገርበታል። በጽሑፍ ጻፉት። የከተማውንም ስም ሰው በሚጽፍበት መንገድ ሁሉ አስገቡ፤ «ቢቸና» የሚል አለ፣ «ብቸና» የሚል አለ፤ በላቲን ፊደልም ሞጣን በአንድ «ቲ» የሚጽፍ አለ፣ በሁለት የሚጽፍ አለ።

የእንግሊዝኛ ገጽ ካለ ሰዓቱን ተጠንቀቁ። መኪናው ሌሊት 11 ሰዓት ይነሳል ብላችሁ በአማርኛ የጻፋችሁት ለውጭ እንግዳ ንጋት 5 ሰዓት ነው። ቁጥሩን እንዳለ የገለበጠ ገጽ እንግዳውን ከመኪናው ያስቀረዋል። የዓመቱ በዓላትም በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ።

ኔትወርክ የጠፋበት ዘመን ያስተማረን

በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት በነሐሴ 2015 አካባቢ ተቋርጦ ረጅም ወራት ቆየ። በዚያ ጊዜ ንግዳቸውን በሙሉ በፌስቡክና በቴሌግራም ላይ የተከሉ ወንድሞችና እኅቶች ከደንበኞቻቸው ተለያዩ። ድረ ገጽ የነበራቸው ሰዎች ገጽ ግን አልጠፋም፤ የተቀመጠበት ሰርቨር ሌላ አገር ስለሆነ አዲስ አበባና ውጭ አገር ያለው ሰው እንደ ወትሮው ይከፍተው ነበር። ቢቸና ያለው ባለቤት ራሱ ግን ሊያየው አልቻለም፤ ዋጋ መቀየርም አልቻለም። ስልክ በሚሠራባቸው ቀናት የሚደውል ገዢ የድሮውን ዋጋ ይዞ ይከራከር ነበር።

ከዚያ ወዲህ የማልዘላቸው ነገሮች አሉ። የገጹን ቁልፍ ከባለቤቱ በተጨማሪ ሌላ ከተማ ያለ አንድ የሚታመን ዘመድ ይይዛል፤ ባለቤቱ በድምፅ ስልክ ዋጋውን ይነግረዋል፣ እሱ ይቀይራል። «ኢንተርኔት ከሌለ በዚህ ደውሉ» የሚል ቁጥር፣ የሚቻል ከሆነም አዲስ አበባ ያለ ተጠሪ ቁጥር ይገባል። የደንበኞች ስምና ስልክ በደብተርም ይመዘገባል። ዋጋው የተጻፈበት ቀን አስፈላጊነትም ያኔ ይበልጥ ታየ፤ ቀን ያለው ዋጋ ሲያረጅ ገዢው ራሱ ያውቀዋል።

ይህን ስል ቴሌግራምና ፌስቡክ ይቅሩ ማለቴ አይደለም። የዕለት ዋጋ፣ «ዛሬ መኪና ይነሳል» የሚል ዜና፣ የገበያ ቀን ፎቶ የሚያምርባቸው እዚያ ነው። ድረ ገጹ ግን የማይለዋወጠው አድራሻ ነው፤ ቻናሉ ቢዘጋ፣ አካውንቱ ቢጠለፍ፣ ደንበኛው ተመልሶ የሚያገኛችሁ እዚያ ነው።

የሚሠራበት ወቅት

ድረ ገጽ በክረምት ይሠራ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ መጋዘኑ ቀዝቀዝ ይላል፤ ባለቤቱ ለመነጋገር ጊዜ አለው። መስከረምና ጥቅምት ይሞከራል። የአዲሱ ጤፍ ፎቶ ታኅሣሥ ላይ ይጨመራል። ጥር ላይ ስልኩ መጥራት ሲጀምር ገጹ ዝግጁ ነው። ጥር ላይ የተጀመረ ሥራ ግን ለዚያ ዓመት አይደርስም።

ስሙ በማን ነው የተመዘገበው?

በመጨረሻ ያስቀመጥኩት ከሁሉ በላይ ስለሚያንገበግበኝ ነው። አንዲት ማር የምታቀርብ እኅታችን ከኔ በፊት ያሠራችው ድረ ገጽ ነበራት። ስሙን ያስመዘገበው የሠራላት ልጅ በራሱ ኢሜይል ነው። ልጁ አገር ቀየረ፣ ስልኩ ጠፋ፣ የዓመቱ ክፍያ ሳይከፈል ቀረ። የማሩ ማሸጊያ ላይ የታተመው አድራሻ ሲከፈት የሌላ ሰው የማስታወቂያ ገጽ ይመጣ ጀመር። ያ ማሸጊያ በየሱቁ ተሰራጭቶ ነበር። ልጁ ክፉ አስቦ አይደለም፤ ማንም ስለ ባለቤትነት አልተነጋገረም እንጂ።

ስለዚህ ለቢቸናና ለሞጣ ነጋዴዎች የምለው ይህ ነው። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ዶሜይኑ በእናንተ ስም፣ በእናንተ ኢሜይልና ስልክ ይመዝገብ። በነጥብ ኢቲ የሚያበቃ የአገር ውስጥ ስም ከፈለጋችሁ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ በብር ይከፈላል። በዶላር የሚከፈል ስም ከመረጣችሁ በየዓመቱ ማን፣ በየትኛው ካርድ እንደሚከፍል ዛሬውኑ ጻፉት። ፓስወርዱን በወረቀት ጽፋችሁ ንግድ ፈቃዳችሁ ካለበት ዶሴ ውስጥ አስቀምጡ። የዕድሳቱን ቀን ግብር የምትከፍሉበት ቀን አጠገብ አስፍሩት።

እናንተ ደግሞ በዚህ ሥራ የተሰማራችሁ ወጣቶች፣ የሰው ስም በራሳችሁ ኢሜይል አታስመዝግቡ። ባለቤቱ ኢሜይል ከሌለው መጀመሪያ ኢሜይል ክፈቱለት፣ አጠቃቀሙን አስተምሩት፣ ቁልፉን በእጁ አስጨብጡት። አሁኑኑ ስልካችሁን አንሱና በእናንተ ኢሜይል የተመዘገበ የሌላ ሰው ስም ካለ ዛሬ አዛውሩለት።